ጋዜጣው ሲቀልል በእጄ መዝኜዋለሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አንድ የከተማ ጋዜጣ ሲከስም «ኢንተርኔት ገደለው» ብሎ ነገሩን መዝጋት በእኛም አንባቢዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ መሄዱን አልክድም። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ግን፣ በዴንቨርና በአጎራባቿ በኦሮራ፣ ያየሁት ነገር ከዚህ የሰፋ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አዲስ መጤ እንደነበሩት ብዙ ወገኖቼ፣ እኔም ከቀን ሥራዬ በተጨማሪ ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ጋዜጣ አድያለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጋዘን ደርሰን፣ እስሩን ፈትተን፣ እያንዳንዱን ጠቅልለን በላስቲክ እናስራለን፤ በረዶ ካለ በፕላስቲክ ከረጢት እንከተዋለን፤ ከዚያም በመኪናው መስኮት ወደየደጁ እንወረውራለን። የእሑዱ ጋዜጣ በዚያን ጊዜ አንድ ላስቲክ የማይበቃው፣ ሲወድቅ ውሻ የሚያስጮህ ነበር። በኋላ በኋላ ግን እየሳሳ ሄዶ፣ ከእጄ ሲወጣ ነፋስ እየመለሰው እመኪናዬ ጎማ ሥር ይወድቅ ጀመር። ቀላል ጋዜጣ እንደማይወረወር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ወርጄ እያነሳሁ ደጃፍ ድረስ መውሰድ ነበረብኝ።

ዴንቨር ሁለት ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሯት። ከሁለቱ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተው «ሮኪ ማውንቴን ኒውስ»፣ 150ኛ ዓመቱን ለማክበር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ የካቲት 27 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም እንዲሁ) የመጨረሻ እትሙን አውጥቶ ተዘጋ። የቀረው «ዴንቨር ፖስት» ነው። የፖስት ባለቤት የነበረው ድርጅት በ2010 በዕዳ ምክንያት በመክሰር ሕግ ውስጥ ካለፈ በኋላ፣ ጋዜጣው «ኦልደን ግሎባል ካፒታል» በተባለ፣ መቀመጫውን ኒውዮርክ ባደረገ ሄጅ ፈንድ እጅ ገባ። ሄጅ ፈንድ ማለት የባለሀብቶችን ገንዘብ አሰባስቦ ከፍተኛ ትርፍ የሚያሳድድ ድርጅት ነው፤ ስለ ኦሮራ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የሚገደው ነገር የለም።

ፖስት በ2013 የፑሊትዘር ሽልማት፣ ማለትም ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት፣ ያገኘው በዚችው በኦሮራ፣ በሐምሌ 2012 በአንድ ሲኒማ ቤት 12 ሰዎች በተገደሉበት ሌሊት ባቀረበው ዘገባ ነው። ሠራተኞቹ ሽልማቱን ሲያከብሩ በአንድነት የተነሱት ፎቶግራፍ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 8 ቀን 2018፣ በጋዜጣው የአስተያየት ገጽ ላይ እንደገና ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን የለቀቁትና የተቀነሱት ሰዎች ፊትና አካል በጥቁር ጥላ ተሸፍኖ ነበር። ከጎኑ የወጣው ርዕሰ አንቀጽ የገዛ ባለቤቶቹን «ጥንብ አንሳ ካፒታሊስቶች» ሲል ጠርቶ፣ ጥሩ ጋዜጣ መሥራት ካልፈለጉ ለሚሠራ ሰው ይሽጡት አለ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ከዜና ክፍሉ 30 ሰው እንደሚቀነስ ተነግሮ ነበር፤ በአንድ ወቅት ከ250 በላይ የነበረው የዜና ክፍል በዚህ ቅነሳ ወደ 70 ገደማ ወረደ። የአስተያየት ገጹ አዘጋጅ ቸክ ፕላንኬት በግንቦት ወር መጀመሪያ ሥራውን ለቀቀ፤ ባለቤቶቹን የሚነቅፍ ሌላ ርዕሰ አንቀጽ እንዳይወጣ ተከልክሎ ነበርና።

«ኢንተርኔት ገደለው» ለሚለው መልሴ እዚህ ላይ ነው። የሚዲያ ንግድ ተንታኙ ኬን ዶክተር በዚያው ዓመት እንደዘገበው፣ የኦልደን ጋዜጦች ቡድን በ2017 የበጀት ዓመት 160 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማለትም የገቢውን 17 በመቶ፣ ትርፍ አግኝቷል። ከስሮ ሠራተኛ የሚቀንስ ድርጅት አውቃለሁ፤ እያተረፈ ሪፖርተሮቹን የሚያሰናብት ግን ላሚቱን ሳያበላ የሚያልብ ሰው ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩስ? የዴንቨር ኒውስፔፐር ጊልድ ዝም አላለም። በግንቦት 2018 ከፖስትና ከእህት ጋዜጦቹ የተውጣጡ ሠራተኞች ኒውዮርክ ድረስ ሄደው በኦልደን ቢሮ ደጃፍ ሰልፍ ወጥተዋል። ማኅበር ስለ ደመወዝና ስለ አሰነባበት ይደራደራል፤ በባለቤትነት ላይ ግን ድምፅ የለውም። ኦልደን በ2021 «ቺካጎ ትሪቢውን»ንና ሌሎች ጋዜጦችን የያዘውን ኩባንያ በ633 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ የሠራተኞቹ ማኅበራት ያን ያህል ቢቃወሙም አላስቀሩትም። እኛ አዳዮቹማ ከነጭራሹ በማኅበሩ ውስጥ አልነበርንም፤ በኮንትራት የምንሠራ በመሆናችን ቤንዚኑም ጎማውም ከኪሳችን ነበር። ጋዜጠኞቹ ሲሰለፉ አንድም ቀን አብሬ ሳልቆም በመቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከፖስት የወጡ አሥር ጋዜጠኞች በዚያው በ2018 «ኮሎራዶ ሰን»ን መሠረቱ፤ እርሱም በ2023 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። ይህ ደስ ቢያሰኘኝም በስሙ ብቻ አልረካም። በ2021 ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የተገዙት የዴንቨር ዙሪያ ትናንሽ ጋዜጦች አብዛኞቹ በ2025 በአሪዞና ላለ የግል ኩባንያ ተሸጠዋል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ባለቤቱ «ለትርፍ» ወይስ «ለትርፍ ያልቆመ» መሆኑን ሳይሆን፣ ሲሸጥ ሠራተኛውና አንባቢው አስቀድመው ይሰማሉ ወይ የሚለውን ነው።

ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተም አቀርባለሁ። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል። በእናንተ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ማኅበር አለ? የኅብረት ስምምነትስ፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት የጋራ ውል፣ ተፈርሟል? የጋዜጣው ባለድርሻዎችስ እነማን ናቸው? መልሱን በዚሁ ዓምድ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ጋዜጣ አዳይ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ