«ከዋናው ቴፕ» ላላችሁት ማስተካከያ ይውጣ

ለክቡር አዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ የሙዚቃ ሸክላዎች ዳግም ኅትመት ባወጣችሁት ዘገባ «ከዋናው ቴፕ (ዘፈኑ መጀመሪያ ከተቀረጸበት ክር) በቀጥታ የተቀዳ» የሚለው ሐረግ ሦስት ቦታ ገብቷል። አንዴ ቢሆን የጋዜጠኛው ችኮላ ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ሦስቴ ሲደገም ግን አንባቢ እውነት ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ነገ ሌላው ከእናንተ ወስዶ ይጽፈዋል፣ ከነገ ወዲያ ማን ያርመዋል? ሸክላ በማጠብና በመቅዳት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ሰምተን ዝም ማለት አልሆነልንም።

ኅትመቱ የተቀዳው ከቴፕ ሳይሆን ከአሮጌ ሸክላ ነው፤ የቀረጻው ድምፅ ራሱ ይመሰክራል። ለማረጋገጥ ጆሮና የእጅ ሰዓት ይበቃል። አዲሱ ኅትመት ትልቁ፣ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረው ሸክላ ነው። የተሰበሰቡበት ዘፈኖች ግን መጀመሪያ የወጡት በትንሿ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞረው ነው። ትንሿ አንድ ዙር ለመጨረስ 1.33 ሰከንድ ይፈጅባታል፤ ትልቁ 1.8 ሰከንድ። የተጫረ ሸክላ ደግሞ በየዙሩ አንዴ «ጠቅ» ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ገጽ ሁለተኛ ዘፈን ላይ፣ ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ሳክስፎኑ ብቻውን የሚቆይበትን ቦታ አውጡና አሥር ዙር ቁጠሩ። ጭረቱ የአዲሱ ሸክላ ቢሆን 18 ሰከንድ በወሰደ ነበር። የሚወስደው 13 ሰከንድ ከምናምን ነው! ያ ጭረት የአሮጌዋ ሸክላ ነው። የኦርጋኑ ረጅም ድምፅም በዚያው 1.33 ሰከንድ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ የሚመጣው ሸክላዋ ስትታተም ቀዳዳዋ መሐል ለመሐል ሳይውል ሲቀር ነው። ቴፕ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ቴፕ ሲያረጅ ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል፣ ከሥር የማይቋረጥ «ሽሽሽ» ይሰማል። በልክ ተቆጥሮ የሚመላለስ ጠቅታ አያወጣም።

«እንደ ጋናና ናይጄሪያ ሃይላይፍ ሁሉ ቴፑ ከማተሚያ ፋብሪካው መጋዘን ተገኘ» ማለታችሁስ? (ሃይላይፍ የምዕራብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ነው።) ኩማሲና ሌጎስ ሸክላ የሚያትሙ ፋብሪካዎች ነበሯቸው። እኛ ዘንድ ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። የአምኃ ሬኮርድስ መሥራች አምኃ እሸቴ ያንን ጥሶ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሥራ ሲጀምር ያሳተመው ውጭ አገር ነው፤ እስከ 1975ም በዚያው ቀጠለ። በመካከሉ አብዮቱ መጣ፣ እሱም ተሰደደ፣ ገበያው ወደ ካሴት ዞረ። የዚያ ዘመን ቴፕ ከአገር ወጥቶ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። ኋላ የተገኘ አለ፤ ያልተገኘው ግን ዳግም ሲታተም የሚወጣው ከሸክላ ነው። ሃይላይፉም ቢሆን ከሸክላ የተቀዳ ሞልቷል። ታዲያ አዲስ አበባ ያልነበረ ፋብሪካ መጋዘን ከየት መጣ?

ከሸክላ መቅዳት የሚያሳፍር ሥራ ስላልሆነ የሚደበቅበት ምክንያት አይታየንም። ዘገባው «ቴፑን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት» ብሎ በአንድ መስመር ያለፈው ሥራ ምን እንደሚጠይቅ አንባቢ ይወቀው። ሸክላዋ በቅድሚያ ትታጠባለች፦ ግማሽ ሊትር ዲስቲልድ (በትነት የተጣራ) ውኃ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። ብሩሹ ድምፁ የተቀረጸበትን መስመር ዙር ይከተላል እንጂ አያቋርጠውም፤ መሐል ያለው ወረቀት መርጠብ የለበትም። ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውኃ ትለቀለቅና ቆማ ትደርቃለች። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት መስመሩ ውስጥ ይተዋል፣ እሱም ራሱ ጠቅ ጠቅ ይላል። አልኮል ባይነካት ይሻላል፤ ከትንንሾቹ መካከል ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ስላሉ ሊያበላሻቸው ይችላል።

ቀጥሎ መርፌ ነው፣ ትልቁ ጣጣም እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ሸክላዎች በየቡና ቤቱ በከባድ የማጫወቻ ክንድ ስለተጫወቱ መርፌው የሚሄድበት የመስመሩ ግድግዳ ተበልቷል። በዛሬው 18 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) መርፌ ብቻ ስትቀዳ እርጅናው ሁሉ አብሮ ይመጣል። ጫፉ ወፈር ያለውን 25 ማይክሮን ስትሞክር ግን ከፍ ብሎ፣ ብዙ ያልተነካውን ግድግዳ ሊይዝ ይችላል። ለእያንዳንዷ ሸክላ ሁለቱንም ሞክሮ ማወዳደር ያስፈልጋል። ቀረጻው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት) ከሆነ ሙዚቃው ያለው መርፌው ወደ ጎን በሚሄደው እንቅስቃሴ ላይ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው ሁሉ ጫጫታ ነው። ግራና ቀኙ ሲደመር ያ ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፍጥነቱም ይለካል፦ 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ ግማሽ ቃና ወደ ላይ ይወጣል፣ ድምፃዊውም ሌላ ሰው ይሆናል። ኦርጋን ወይም ፒያኖ ካለበት በእሱ ይስተካከላል። ጠቅታው በመጨረሻ በእጅ፣ አንድ በአንድ ይለቀማል። ማሽኑ ራሱ ያጥፋው ተብሎ ሲለቀቅ ሲምባሉንም (ከከበሮው ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን) ጠቅታ መስሎት ይበላዋል። በዚህ ኅትመት ሁለተኛ ገጽ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሲምባሉ ውኃ ውስጥ የተመታ ይመስላል። ዘገባችሁ «ጥራቱ እንከን የለሽ» ያለው ይህንን ነው።

አዲሱ ሸክላ 180 ግራም ስለ መሆኑ በአጭሩ፦ ክብደት ድምፅ አይጨምርም። የመስመሩ ጥልቀት 140 ግራሙ ላይም ያው ነው፤ የወፈረው ሸክላ ቶሎ አይጣመም ይሆናል፣ በቃ።

ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን የስሙ ጉዳይ ነው። ካሴት ሲመጣ ሸክላ ተራ ዕቃ ሆኖ በተጣለበት ጊዜ መርካቶና ፒያሳ በየመደርደሪያቸው፣ በየአልጋቸው ሥር ያቆዩ ሰዎች አሉ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲያውሱ ውል የለም፣ ክፍያ የለም። ተጭሮ የተመለሰላቸው አሉ፤ እስከ ዛሬ ያልተመለሰላቸውም አሉ። ስማቸው የአዲሱ ሸክላ ሽፋን ላይ የለም። «ቴፕ ነው» ሲባልማ ጭራሽ ከታሪኩ ይሰረዛሉ፤ ቴፕ አዋሽ የለውማ! እናንተም ሳትጠይቁ ይህንን ስረዛ አጸደቃችሁ።

ስለዚህ ማስተካከያ አውጡ። ምንጩ ሸክላ መሆኑን ጻፉ፣ ሸክላዎቹን ያዋሱትንም ፈልጋችሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ስማቸውን አስፍሩ። አሳታሚው አሁንም «ከቴፕ ነው» ካለ የቴፑን ሳጥን ያሳያችሁ፤ የቴፕ ሳጥን ላይ የዘፈኖቹ ዝርዝርና የቀረጻው ፍጥነት ይጻፍበታል። ያንን ካላሳየ ቃሉን ብቻ ይዛችሁ አትጻፉ።

ከሸክላ ቀጂዎች አንዱ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ