የሥነ ጥበብ ማስተማሪያ ሕንፃ ከመነደፉ በፊት፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገነቡ የሥነ ጥበብ ማስተማሪያ ሕንፃዎችን ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የማስተምርበት ኮሌጅ፣ ስሙን መጥቀስ ሳያስፈልግ፣ ለሌላ ትምህርት ክፍል ተነድፎ የነበረ ሕንፃ ሰጥቶናል። የሥዕል ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቶቹም በሙሉ ወደ ምዕራብ ያያሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ሞዴሉ ፊት ላይ ታርፋለች፤ ተማሪው በከሰል መሥራት የጀመረው ጥላም በሩብ ሰዓት ውስጥ ቦታውን ይለቃል። በዚህ ምክንያት ተማሪዎቹ መስታወቱን በካርቶንና በጋዜጣ ሸፍነው በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራሉ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱ እዚያው ላይ ይቆማል። የአንዲት ተመራቂ ሥራ በበሩ አልወጣ ብሎ ሸራውን ከፍሬሙ ነቅለን፣ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለን ለዐውደ ርዕይ ያደረስንበትም ጊዜ አለ።

በየስብሰባው ስለ ዘላቂ ሕንፃ ሲነሣ የሚቀድመው ጣራ ላይ የሚተከለው ሶላር ነው። ሶላሩን አልቃወምም። ሆኖም ቀን በቀን አምፖል እንዲበራ የሚያስገድድ ሕንፃ ተሠርቶ ለአምፖሉ የሚሆን ኃይል ከጣራ ላይ መፈለግ፣ ጉዳዩን ከጅራቱ መያዝ ይመስለኛል። ለሠዓሊ የመጀመሪያው ነገር ብርሃን ነው። የአውሮፓ መማሪያ መጻሕፍት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይገባበት፣ ስቱዲዮ ወደ ሰሜን ይይ ይላሉ፤ ምክሩ እዚህም ይሠራል፤ ነገር ግን እንዳለ መገልበጥ የለበትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን በስተ ሰሜን ነው። በእነዚህ ወራት ቀትር ላይ ፀሐይዋ እጅግ ከፍ ስለምትል አጭር የጣራ ክፈፍ ይበቃታል፤ ጠዋትና ማታ ግን በሰሜን ምሥራቅና በሰሜን ምዕራብ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ቋሚ መከለያ ያስፈልጋል። ሕንፃው ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርግቶ፣ ጠባብ ጎኖቹን ለጠዋትና ለማታ ፀሐይ ቢሰጥ አብዛኛው ችግር ያለ ተጨማሪ ወጪ ይቃለላል። ይህ ደግሞ የሚወሰነው ወረቀት ላይ ነው፤ መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ የሚታረም ነገር አይደለም።

ስለ ግንባታ ዕቃ ሳስብ የቡርኪና ፋሶው ተወላጅ አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ ትዝ ይለኛል። እኚህ ሰው በ2022 እ.ኤ.አ. ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን ታላቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኙ ሲሆን፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በትውልድ መንደራቸው በጋንዶ የሠሩት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳው ከአካባቢው ሸክላ አፈር ነው፤ የቆርቆሮ ጣራውም ከጡብ ኮርኒሱ በላይ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ በመካከሉ አየር ይመላለሳል። የእኛ ደጋ እንደ ጋንዶ ሐሩር ስላልሆነ ንድፉ ይቀዳ አልልም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንማርበታለን። ቀን ሞቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝ አገር ወፍራም የድንጋይ ወይም የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለማታ ያቆያል፤ በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ግን ቀን ያፍናል፣ ማታ ያንቀጠቅጣል። ሁለተኛው ለሙዚቃ ክፍሎች ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ሥር የክረምት ዝናብ ሲወርድ በገና የደረደረ ተማሪ የገዛ ክሩን ድምፅ አይሰማም፤ ከቆርቆሮው በታች ከባድ ኮርኒስ ቢኖር ግን ያን ጩኸት በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ዝናቡ ራሱም ሀብት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለምታገኝ፣ በ1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርደው ወደ 1.2 ሚሊዮን ሊትር ይጠጋል። አብዛኛው በክረምት ስለሚመጣ ሁሉንም ማጠራቀም አያዋጣም፤ ለብሩሽ ማጠቢያና ለሸክላ ጭቃ ማቡኪያ የሚበቃ ገንዳ ግን ከአቅም በላይ አይደለም። የእጅ መታጠቢያዎቹ ፍሳሽም የራሱ ማጥለያ ይፈልጋል፤ በእኛ ሕንፃ ጄሶ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ሁለት መታጠቢያዎች እስካሁን ተዘግተው ይገኛሉ።

ስለ አየር ብዙ አልልም፤ ነገር ግን የሚታለፍ አይደለም። የቀለም ማቅጠኛዎቹ፣ የቲነርና የተርፔንታይን፣ ትነት ከአየር ስለሚከብድ፣ ከፍ ብሎ የተሠራ ትንሽ መስኮት ብቻውን አያስወጣውም። አየሩን ስቦ የሚያስወጣው መሣሪያ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ መሆን አለበት።

ስለዚህ፣ ክቡር ሚኒስትር፣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎች የተለመደው የመማሪያ ክፍል ንድፍ እንዳይደገም፣ ለአማካሪ መሐንዲሱ የሚሰጠው ቢጋርም (ሕንፃው ማሟላት ያለበትን የሚዘረዝረው ሰነድ) መምህራኑ፣ የወርክሾፕ ባለሙያዎቹና ተማሪዎቹ ተገኝተው እንዲዘጋጅ መመሪያ ይሰጥልን። ቢጋሩ የመስኮቱን አቅጣጫ፣ የበሩን ስፋት፣ የቅርጻ ቅርጽ ክፍሉ ምድር ቤት ላይ እንዲሆን፣ ለዓመታዊ ጥገና የሚያዘውንም በጀት በግልጽ ይያዝ። የእኛን ክፍል መለካት ለሚፈልግ መሐንዲስ በሩ ክፍት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመጣ ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ጥበብ መምህር