የታሪክ ክበብ ዓመት፦ አባ ነፍሶን ፍለጋ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው። የአንድ ፈረሰኛ ጦረኛን ሕይወት ተከታተልን። ጥቅምት ላይ፣ በሁለተኛው ስብሰባችን፣ «ባልቻ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ ወንበር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ሆስፒታል ነዋ ቲቸር!» አለ። ልክ ነው፤ አብዛኞቻችን ስሙን የምናውቀው ከሆስፒታሉ ነው። ሰውዬውስ?

«አባ ነፍሶ» የሚለው የፈረሳቸው ስም መሆኑን ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ። ድሮ ስመ ጥር ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ልጆቹ በዚያው ቀን የፈረስ ስም መዝገብ ከፈቱ።

ከዚያ የደጃዝማች ባልቻን ታሪክ በየተራ ማንበብ ጀመርን። በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ምኒልክ ቤት አደጉ። በ1888 አድዋ ሲዘምቱ በጅሮንድ፣ ማለትም የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እዚያ የገነነው ስማቸው በመድፍ ነው። «ታዲያ ፈረሰኛ ናቸው ወይስ መድፈኛ?» የሚል ክርክር ተነሳና ሁለት ሳምንት ፈጀብን። እኔ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ክርክሩ የፈረሰኛው ጦር አድዋ ላይ ምን እንደሠራ፣ በተለይ ማርያም ሸዊቶ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር ሲፈታ እንዴት እንዳሳደደው ወደ ማንበብ ወሰደን።

የ1920ው ነገር ደግሞ ልጆቹን ከሁሉም በላይ ያዛቸው። ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ብዙ ጦር አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ፤ እሳቸው ቤተ መንግሥት የግብር ግብዣ ላይ ሳሉ ሰፈር የቀረው ጦራቸው ተበተነ። ቤቷ ንፋስ ስልክ የሆነ አንዲት ልጅ «እኛ ሰፈር?» ብላ ደጋግማ ጠየቀች። ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ፣ ጣሊያን ዳግም ሲመጣ፣ ሸምግለው ሳለ ተነስተው ተዋጉ፤ በዚያው ወደቁ። ይህን ያነበብን ቀን ማንም አላወራም።

ታኅሣሥ ላይ በእግራችን ወደ ምኒልክ አደባባይ ወጣን። በፈረስ ላይ ያሉት የምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ የተመረቀ ነው፤ ጣሊያን አውርዶት ነበር፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ልጆቹ ልጓሙንና ኮርቻውን በእርሳስ ሣሉ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ግን መጋቢት ላይ ነው። የአንዲት ተማሪያችን አያት፣ በወጣትነታቸው ጃንሜዳ ጉግስ የተጫወቱ አባት፣ ኮርቻቸውን በታክሲ ጭነው መጡልን። እርካቡን ሲያወጡት ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ ትንሽ ቀለበት ነገር ነው፣ ጫማ አይገባበትም። «አውራ ጣት ብቻ ነው የሚገባው፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ነበራ!» አሉ። አሥር የሚሆኑ ልጆች ጫማቸውን አውልቀው በየተራ ሞከሩ። በዚያች ጣት ተደግፎ፣ ባንድ እጅ ጋሻና ልጓም፣ በሌላው ጦር ይዞ መጋለብ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ያኔ ነው የገባኝ፤ ስንት ዓመት ሳስተምር ከርሜ። ጉግሱም ለካ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ዱላ መወርወርና በጋሻ መመከት የጦር ልምምድ ነው። ረጅም መንገድ ደግሞ ጦረኛው በበቅሎ ነው የሚሄደው፣ ፈረሱ ለውጊያ እንዳይደክም ባዶውን ይሳባል። ይህን ሲሰሙ አንዱ «አባባ፣ ፈረሱ ከሰውየው ይበልጥ ነበር ማለት ነው?» አላቸው። «ልጄ፣ ፈረሱ ከደከመ ሰውየውስ የት አለ?» አሉት።

ሊሄዱ ሲሉ የፈረሳቸውን ስም ጠየቅናቸው። ትንሽ ቆዩና «መብረቅ ነበር፣ ዳማ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ልጅ ልጃቸው እስክሪብቶ አነሳችና መዝገቡ ላይ፣ ከአባ ነፍሶ በታች፣ «አባ መብረቅ» ብላ ጻፈች።