ሰኒዬ፣ ቀለበትሽ ምንም አልሆነም

ሰኒዬ የኔ ቆንጆ እንደምን ከረምሽልኝ? ልጆቹስ? ስንት ጊዜያችን ሳንጻጻፍ፣ እኔም ስራ አንቺም ስራ፣ ነገ ነገ ስንል እንዲሁ ከረምን። መልእክትሽን ሳይ ደስታዬን አትጠይቂኝ። ሰላምታ የለ ምን የለ "ቀለበቱ ቀለሙ ጠፋ፣ ፎርጅድ ነው መሰለኝ፣ ምን ላድርገው?" ብለሽ ስትጀምሪ በቃ ራስሽን አገኘሁሽ። በቮይስ ልመልስልሽ ነበር ግን ይሄ ነገር በቮይስ አያልቅም፣ ሱቁም ዛሬ ጭር ብሏል፣ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ፎርጅድ አይደለም ሰኒ። ዕቃ ስታጥቢ አላወለቅሽውም አይደል? የቀለበትሽ ድንጋይ የወሎ ኦፓል ነው፣ እሱ ደሞ ውሃ ይጠጣል። እኔ እዚህ ቸርችል ጎዳና ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ሁሌ አሳያለሁ፣ አንዱን ካቦሽን (ክብ ተደርጎ የተወለወለ ድንጋይ) ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ፣ መጀመሪያ ከላዩ ላይ ቅንጣት ቅንጣት አረፋ እየለቀቀ ይወጣል፣ ድንጋዩ ውስጥ የነበረው አየር ነው፣ ከዛ ነጣ ያለው አካሉ ከጠርዙ ጀምሮ እየጠራ ወደ መሃል ይገባል፣ ትንሽ ቆይተሽ ስታዪው አረንጓዴውም ቀዩም ደብዝዞ ድንጋዩ ራሱ ውሃ ውስጥ የጠፋ ይመስልሻል። ቱሪስቶቹ ይደነግጣሉ። ሲደርቅ ግን ይመለሳል፣ አንዳንዱ በቀን አንዳንዱ በሳምንት። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጠሽ ተይው፣ ሂተር ላይ ወይ ፀሐይ ላይ እንዳታደርጊው ይሰነጠቃል፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽቶ ደሞ ፈጽሞ አታስነኪው፣ ውሃ ተኖ ይሄዳል ዘይት ግን ውስጡ ገብቶ ይቀራል።

የሚገርምሽ ኦፓል ክሪስታል አይደለም፣ ክሪስታል የሚባለው አተሞቹ በሥርዓት ተደርድረው የቆሙለት ነገር ነው። አራት ኪሎ ስንማር ይሄን አልፈነው ነበር፣ አሁን ግን በየቀኑ እጄ ላይ ስለሆነ ሌላ ነገር ሆኖብኛል። ከ1 ሚሊ ሜትር ሺህኛ የሚያንሱ የሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ነገር) ኳሶች ናቸው፣ ፍራፍሬ ቤት ብርቱካን እንደሚደረደረው ተደርድረው የተቀመጡ፣ ብርሃኑ በመሃላቸው ሲያልፍ ነው ቀለም የሚሰጠው፣ ኳሶቹ ተለቅ ሲሉ ቀይ ይወጣል፣ አነስ ካሉ ሰማያዊ ብቻ። የኳሶቹ አሰላለፍ ሥርዓት አለው፣ አተሞቹ ግን እንዲሁ ዝብርቅርቅ ናቸው። እና ወሎ ደላንታ ወገል ጤና እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ጀምሮ ዓለም ሁሉ የሚፈልገው፣ ልጆቹ ገደል ላይ በእጃቸው ጉድጓድ እየቆፈሩ የሚያወጡት፣ ብዙው ደሞ በጥሬው ህንድ ሄዶ የሚቆረጠው (ይሄ ሁሌ ያናድደኛል፣ እኛ ጋ ቆርጦ መሸጥ የሚችል ስንት ልጅ አለ) ይሄ ሁሉ ሰው የሚጓጓለት ድንጋይ ክሪስታል ሳይሆን፣ ኩሽናሽ ውስጥ ያለው ጨው ግን ምንም የማይወጣለት ክሪስታል ነው።

እውነቴን ነው፣ ደረቅ ያለውን ጨው ጥቁር ነገር ላይ በትኚና በስልክሽ ካሜራ ዙም አድርገሽ እዪው። ያልተፈጨው ከሆነ አራት ማዕዘን ሳጥን ሳጥን ነው። ብትሰብሪው ደሞ እንዲሁ አይፈረካከስም፣ በቀጥታ መስመር ተሰንጥቆ ሌላ ትናንሽ ሳጥን ይወጣዋል፣ ምክንያቱም ውስጡ ሶዲየሙና ክሎሪኑ አንዱ ካንዱ ጎን በረድፍ በረድፍ ነው የቆሙት። ዳሎል አካባቢ ያለው ጨው ሁሉ እኮ የቀይ ባህር ውሃ ገብቶ ተኖ የቀረ ነው፣ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ፣ አፋሮቹ እየፈለጡ በግመል ያወጡታል፣ አያቶቻችን ደሞ አሞሌ ብለው ገንዘብ አድርገው ገብይተውበታል። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል" ይባል የለ፣ ድንጋይነቱን ድሮም ያውቁታል ማለት ነው። ሰው ሱቄ ገብቶ "ክሪስታል አለ?" ሲለኝ አሞሌ ከጎኑ ባስቀምጥለት ደስ ይለኛል። አንዳንዱ ደሞ ድንጋዩን ጨብጦ ኢነርጂ ተሰማኝ፣ ለራስ ምታት ይሆናል ወይ ይለኛል። እኔ መድኃኒት ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም፣ አልሸጥምም። ያመመው ሰው ገንዘቡን ለሐኪም ይስጥ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። ባለፈው ስድስት ኪሎ እትዬ ዘነበች ጋ ሄጄ ነበር፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸው ብቻ ትንሽ አስቸግሯቸዋል። ሄጄ ሳገኛቸው ማር ይዘው ተናደዋል፣ ከትግራይ የመጣ ነጭ ማር በውድ ዋጋ ገዝተው ረግቶ ማንኪያ አልገባ ብሏቸው "ስኳር ቀላቅለው ሸጡልኝ፣ መልሼ ፊቱ ላይ ነው የምደፋው" ይላሉ። ቀምሼው ጥሩ ማር ነው። ማር ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ የራሱ ስኳሮች አሉ፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ ግሉኮሱ ውሃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ቀስ እያለ ክሪስታል እየሰራ ይረጋል፣ በተለይ 14 ዲግሪ አካባቢ ቶሎ ይረጋል፣ የኛ ቤት ደሞ ክረምት ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቂዋለሽ። መርጋቱ ንጹህ መሆኑንም የተቀላቀለ መሆኑንም አያሳይም፣ ስኳር የገባበትም ሊረጋ ይችላል፣ ንጹሁም ይረጋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከነጠርሙሱ አስቀመጥንላቸው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ፣ እያየነው ፈታ እያለ ሄደና ለሻጩ ሲያወርዱበት የነበረውን እርግማን መልሰው ምርቃት አደረጉት።

እዛው እያለሁ ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ቢፌው ውስጥ ያሉት የክሪስታል ብርጭቆዎች አሉ አይደል፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት፣ ከጎናቸው ያለው ባለ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ አረቄ ሞልተው አስቀምጠዋል። ያ የሚያበራው መስታወት ብዙ ጊዜ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት) ይገባበታል፣ አልኮል ውስጡ ሲቆይ ሊዱ ቀስ እያለ ወደ መጠጡ ይወጣል። ቀድቶ ወዲያው ለመጠጣት ያን ያህል አያሰጋም፣ ማቆየቱ ነው መጥፎው። ነገርኳቸው፣ "እሺ ልጄ" አሉ፣ ግን አልገለበጡትም፣ አንቺ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ አንቺን ይሰማሉ።

አባዬ ደሞ አሞት ነበር ሰኒ፣ አልነገርኩሽም። አንድ ሌሊት እግሬ ተቃጠለ ብሎ ቀሰቀሰን፣ የግራ እግሩ አውራ ጣት ቀልቶ አብጦ አንሶላው ሲነካው ራሱ ይጮሃል፣ አባዬ ሲጮህ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ጎረቤቱ ምች ነው አለ፣ ብርድ ነው አለ፣ ሲመረመር ዩሪክ አሲዱ ከፍ ብሎ ሪህ ተባለ። ሐኪሟ ስታስረዳን እንባዬ መጣ፣ ማሩ ላይ ያየሁት ነገር ነው አባዬ እግር ውስጥ የሆነው፣ ዩሪክ አሲዱ ደሙ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን መገጣጠሚያው ላይ ክሪስታል እየሆነ ይቀመጣል፣ ጫፋቸው የሾለ ጥቃቅን ክሪስታሎች፣ ከዛ ሰውነት ራሱ እነሱን ሲዋጋ ያብጣል ይቃጠላል። እግር ጣት የሚመርጠው ደሞ ከልብ ርቆ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፣ ቅዝቃዜ ላይ ቶሎ ይረጋል። አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ቁርጡንም ቢራውንም ቀንሷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቹ ሲጠሩት ይከፋዋል። የኩላሊት ጠጠርም ያው ዘሩ ነው፣ አንቺ ድሮም ውሃ አትጠጪም፣ እባክሽ ጠጪ።

ፒያሳን ብታያት አታውቂያትም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የለም፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ የአድዋው ሙዚየም ቆሟል፣ ያሳደጉን ሱቆች ግን ተበትነዋል፣ የሰዓት ሠሪዎቹም እንደዛው። የአባዬን ሰዓት ባትሪ ላስቀይር አንዱን ፈልጌ አገኘሁት፣ ጀርባውን ሲከፍተው ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብረት ሲሊንደር አሳየኝ፣ ኳርትዝ የምትባለው ክሪስታል እሷ ውስጥ ናት፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰርኪዩቱ 15 ጊዜ በግማሽ በግማሽ ሲያካፍለው 1 ሰከንድ ይወጣል። ኳርትዝ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ የኩሪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 ነው ያገኙት፣ የእጅ ሰዓት ሆኖ ገበያ ላይ የወጣው ግን 1969 መጨረሻ ላይ ጃፓን ውስጥ። ፒያሳ ላይ ስንቱ ሰው ይሄን እጁ ላይ አስሮ ያልፋል። ስልክሽም ቺፑ ከሲሊከን ክሪስታል ነው የተቆረጠው፣ ይሄ ደብዳቤ የሚደርስሽ በሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። እኛ ጋ በረዶ ሲዘንብ ቆርቆሮውን የሚደበድብ ድንጋይ ነው፣ አንቺ ጋ ግን ስኖው አለ። በጣም ሲበርድና ንፋስ ሳይኖር ጥቁር ኮትሽን ለብሰሽ ውጪና እጅጌሽ ላይ ሲያርፍ በስልክሽ አንሺልኝ፣ ስልኩ ላይ የሚሰካ ርካሽ ማጉያ ሌንስ ካገኘሽ ይበልጥ ጥሩ፣ ትንፋሽሽን ያዢ አለዚያ ይቀልጣል። ስድስት ክንድ ያለውን ፈልጊ፣ የውሃው ሞለኪውሎች ሲያያዙ ስድስት ማዕዘን ስለሚሰሩ ነው። ቬርሞንት የነበረ አንድ ገበሬ፣ ቤንትሊ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራ ከማይክሮስኮፕ ጋር አያይዞ ማንሳት ጀምሮ ከ5,000 በላይ አንስቷል። ካንቺ አንድ አምስት ብቻ እፈልጋለሁ፣ አስፍቼ አሳትሜ ሱቁ ግድግዳ ላይ እሰቅላቸዋለሁ፣ ስምሽንም ከስር እጽፋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለእትዬ ደውዪ፣ አረቄውን እንዳትረሺ። ምላሽሽን እጠብቃለሁ፣ ረጅም አድርጊው።

የምትወድሽ
ፅጌ