ብራናውስ ተወራለት፣ ደጓሹስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ብራና መጻሕፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። በእጁ የጻፈው ቁም ጸሐፊ ተመሰገነ፣ የገጹ ጌጥ ሐረጉና ሥዕሉ ተደነቀ። ደግ ነው። የእንጨት ገበታውን በቆዳ አልብሶ፣ ጥራዙን ሰፍቶ መጽሐፍ ያደረገው ደጓሽ ግን አንድ መስመር እንኳ አልደረሰውም። ጸሐፊው ቢያንስ መጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን ጠቅሶ በጸሎት አስቡኝ ማለት ይችላል። ደጓሹ ስሙን የት ይጻፍ? እኔ የደጓሽ ልጅ ነኝ፤ አያቴም ደጓሽ ነበሩ። እናም ትንሽ ልናገር።

እኛ ቤት ሙያው በወሬ አይተላለፍም። ልጅ መጀመሪያ ከሰል ያራግባል። ቀጥሎ ቆዳ ያረጥባል። ከዚያ ቁርጥራጭ ቆዳ ይሰጠውና የጋለ ብረት ይሞክርበታል። አባቴ ብረቱን ከፍሙ ሲያወጡት እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ቆዳውን ያሳርረዋል፤ ከበረደ ደግሞ ምልክቱ አይዝም። ልኳን የሚያውቃት ጆሮ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይሰመራል፣ ከዚያ መሃል ላይ መስቀሉ ይወጣል፣ የቀረው ቦታ በትናንሽ ክቦችና በጥልፍልፍ ይሞላል። ብረቶቹን አያቴ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደው ያሠሯቸው ናቸው። ሥራችንን የለመደ ሰው ድጉሱን፣ ማለትም በጋለ ብረት ቆዳው ላይ የወጣውን ጌጥ፣ አይቶ ብቻ የማን ቤት እንደሆነ ይነግራችኋል።

ሰው የሚያየው ድጉሱን ነው። የሙያው ዋና ነገር ግን ስፌቱ ነው። ጥራዞቹ፣ ማለትም ታጥፈው የተደራረቡት ቅጠሎች፣ በሁለት መርፌ እርስ በርስ እየተቆላለፉ ከወይራው ወይም ከዋንዛው ገበታ ጋር ይሰፋሉ። ጀርባው ላይ ኮላ የሚባል ነገር የለም። መጽሐፉ ሲገለጥ ዘና ብሎ የሚተኛው ለዚህ ነው። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስፌቱ አብሮት ይላወሳል፤ ኮላ ግን አይላወስም።

ይህን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ስፌቱ የላላ አሮጌ ዳዊት ነበረው። ለዘመናዊ ጠራዥ ሰጠው። ዳዊቱ ጀርባው በኮላ ደርቆ፣ ላስቲክ ሽፋን ለብሶ፣ በወርቃማ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ። ይባስ ብሎ ዳሩ እንዲስተካከል በመቁረጫ ማሽን ተከርክሟል። ኅዳጉ (የገጹ ዳር) ላይ ስለ መሬትና ስለ ስጦታ የተጻፉት ማስታወሻዎች ግማሻቸው ከትርፍራፊው ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገቡ። አሮጌው ገበታስ? ማንም አያውቅም። አባቴ መጽሐፉን ገልጠው አዩትና ምንም ሳይሉ ለተቋሙ ሰዎች መለሱላቸው።

«ለምን ለባለሙያ አልሰጣችሁም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ ቀላል ነው፦ ጨረታ። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበር፣ የቫት ምዝገባ፣ የቀድሞ ሥራ ማስረጃ። አባቴ የቀድሞ ሥራ ማስረጃቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ማኅደሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማኅተም ግን የለውም።

ስለዚህ «ልጆቹ ሙያውን ጠሉት» ሲባል አልስማማም። እርግጥ ነው፣ ቆዳ የሚነካ ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ ያደገ ልጅ ሙያውን ቢሸሽ አይፈረድበትም። ግን እኛን የገፋን ከስድቡ ይልቅ የሥራ መጥፋት ነው። ወንድሜ እጁ ከአባቴ አያንስም። የሚሠራው ግን ለቱሪስት የሚሸጥ ትንንሽ መጽሐፍ ነው፤ አሮጌ እንዲመስል በጭስ ያጠቁረዋል። ገዢው ስፌቱን አያይም፣ ወንድሜም አይደክምበትም። ወንድ ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ የሚማረው እሱኑ ነው።

ሐረርም ከዚህ ችግር አላመለጠችም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን አይቶ የመጽሐፍ ጥረዛዋን ከፋርስ ቀጥሎ ያስቀመጠ ሰው ነው። ያ ጥበብ ኋላ ላይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። የግል ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብደላ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን ሲሰበስቡ ጥረዛውንም መልሰው ለማንሳት ደክመዋል። የተቋረጠ ነገር መቀጠል ምን ያህል እንደሚያለፋ እሳቸውን ጠይቁ። የእኛ ገና አልተቋረጠም፤ ያውም በርካሽ ሊተርፍ ይችላል።

መጻሕፍቱን ፎቶ ማንሳት ጥሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማይክሮፊልም ከ9 ሺህ በላይ ተነስተዋል፣ አሁን ደግሞ በዲጂታል ይነሳሉ። ጽሑፉ ይተርፋል። ስፌቱን ግን ከፎቶ የሚማር ሰው የለም፤ ተፈትቶ ሲሰፋ አጠገቡ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለፎቶ በጀት የሚይዝ ሁሉ ለጥገናም ትንሽ ይያዝ። ሥራውንም በቀጥታ ለአካባቢው ደጓሽ ይስጥ፤ ተለማማጅ ልጅ አብሮ እንዲቀመጥም በውሉ ላይ ይጻፍ። ለተለማማጁ የሚከፈለው አበል ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው ሻይ ቡና አይበልጥም።

አባቴ አሁንም ይሠራሉ። መርፌ ላይ ክር የምታስገባላቸው የወንድሜ ልጅ ናት፤ ሴት ልጅ ደጓሽ አትሆንም የሚል ካለ መጥቶ ይያት። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ስፌቱ የተፈታ መጽሐፍ ያለው ሰው ኮላ ሳይነካው ይደውልልን።

የደጓሽ ልጅ፣ ከባሕር ዳር