ኮረሪማ በዋንዛ ጥላ ሥር፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ በአባላት ቁጥርና በስብሰባ ብዛት ይጀምራል። የእኛም ክበብ አባላት አሉት፤ ስብሰባም አድርጓል። ዝርዝሩ በክበቡ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ እዚህ አልደግመውም። ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንባቢ ሊነገር የሚገባው ሌላ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች ጀርባ የተተከለው ኮረሪማችን ፍሬ ሰጥቷል።

ቦታውን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ሦስት ትልልቅ ዋንዛዎችና አንድ ብሳና ያጠሉበት፣ የተሰበረ ዴስክ ይጣልበት የነበረ ተዳፋት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ወደ ኳስ ሜዳው ያወርደዋል። ፀሐይ ስለማይደርስበት ጎመኑም ቆስጣውም ሽንኩርቱም እምቢ ብሎ ነበርና፣ ቀደም ሲል ዛፎቹ ተቆርጠው ቦታው «ለልማት ይዋል» የሚል ሐሳብ ሁሉ ቀርቦ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት የያኔዎቹ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ነገሩን ገለበጡት። ዛፉን ከመቁረጥ ጥላ የሚወድ ተክል እንፈልግ አሉ። መልሱ ደግሞ በየቤታቸው ነበር። በቦንጋ ዙሪያ እንሰት ያለበት ጓሮ ቡና አያጣም፤ ቡና ያለበት ጓሮ ደግሞ በአንዱ ጥግ፣ ከዛፍ ሥር፣ እርጥበት በሚያድርበት በኩል ኮረሪማ ይኖረዋል።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። እዚያ ኮረሪማ ማለት ደርቆ፣ ጠይሞ፣ በገመድ ተሰክቶ ከገበያ የሚገዛ ነገር ነው። ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረትና ከበሶብላ ጋር ይገባል፣ በርበሬ ሲዘጋጅ ይደባለቃል፣ ሚጥሚጣም ያለ እርሱ አይሆንም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚጠይቅ የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡቡ ኮረሪማ በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል አልፎ እስከ ምጽዋ ይወርድ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። እንግዲህ ለዘመናት በአገሬ በኩል ሲያልፍ የኖረን ቅመም ከነቅጠሉ ያየሁት ለማስተማር ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ መሆኑ ነው። የዝንጅብል ዘመድ ነው። ቁመቱ ሰው ያህላል፤ ቅጠሉ ረጅምና አንጸባራቂ ነው፤ ሲታሽ ይሸታል።

አዲስ ገቢ አባላት በየዓመቱ የሚደናገሩት በአበባው ነው። ከከተማ መሐል የመጡት ልጆች አንገታቸውን አቅንተው በቅጠሎቹ መካከል ሲፈልጉ ይውላሉ። ዘንድሮም በበልጉ ዝናብ ወቅት እንዲሁ ሲሆኑ የትምህርት ቤታችን ጥበቃ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ወደ ላይ ምን አላችሁ? ጎንበስ በሉ እንጂ» አሏቸው። ረግፎ የተከመረውን ቅጠል በእጃቸው ገለጥ ሲያደርጉት ነጣ ያለ ሐምራዊ አበባ ከአፈሩ ላይ ፈክቶ አገኙት። የኮረሪማ አበባ ከግንዱ ጫፍ አይወጣም፤ ከአፈር በታች ተጋድሞ ከሚሄደው ሥር በቀጥታ ብቅ ይላል። ፍሬውም እዚያው መሬት ለመሬት ነው የሚያዘው። ዕድሜው አጭር ነው፤ አንዲት ልጅ ጠዋት ያየችውን በማግስቱ ለጓደኛዋ ልታሳይ ብትሄድ ጠውልጎ ጠበቃት። በዚህ ምክንያት በእኛ መደብ ላይ ዶማ ማሳረፍ ክልክል ነው። አንድ ሰው በትጋት ኮትኩቶ የዓመቱን ፍሬ ከነአበባው ሊጨርሰው ይችላል። አረም በእጅ ይነቀላል፤ ማን ምን እንደሚረግጥም ይታያል።

ስለ ተከላው ብዙ ወላጆች ስለጠየቁ ትንሽ ላብራራ። የክበቡ የመጀመሪያው ደንብ ከጫካ ተነቅሎ የመጣ ችግኝ አለመቀበል ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የቡና መገኛ ስለመሆኑ የማያወራ የለም፤ ከቡናው ሥር ስለሚበቅለው ኮረሪማ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ጫካው ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጎዳው ጥላውንና እርጥበቱን ተማምኖ የሚኖር እንዲህ ያለ ተክል ነው። ጓሮ ውስጥ ተንሰራፍቶ የቆየ ኮረሪማ እያለ ጫካ ገብቶ ሥር መቆፈር ለእኔ ሌብነት ነው፤ ለልጆቹም ሳላለዝብ እንደዚያው እነግራቸዋለሁ።

ከጓሮው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ የያዘ የሥር ቁራጭ ይወሰዳል። ቅጠሉ እርጥበት እንዳይጨርስ ከላይ ይከረከማል፤ ሥሩ ሳይጠልቅ፣ ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ፣ ኮምፖስት በገባበት ጉድጓድ ይተከላል። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንተዋለን፤ መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ ይመስላል፣ በሦስተኛው ዓመት ግን ማለፊያ አይገኝም። ከዘርም ማብቀል ይቻላል፤ ፍሬ ለማየት ግን የበለጠ ዓመት ይጠይቃል። የአምስተኛ ክፍል አባላት ከገበያ የተገዛ ደረቅ ኮረሪማ ፈልፍለው በሣጥን ዘርተው ነበር፤ ሣጥኑ እስካሁን ባዶውን ነው። ከዛፉ ሥር በስሎ ከተለቀመ ፍሬ የወጣውን እርጥብ ዘር የዘሩት ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን በቅሎላቸዋል።

ጥላ ሲባል ጨለማ ማለት እንዳልሆነ የተማርነው ከራሳችን መደብ ነው። ከሜዳው ዳር፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው በኩል የተተከሉት ቅጠላቸው ገርጥቶ ጠርዙ ተቃጠለ። ከብሳናው ሥር፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ በደፈነው በኩል ያሉት ደግሞ ረዘሙ፣ አማሩ፣ አበባ ግን አላሳዩም። ያፈሩት ብርሃን በዋንዛው ቅጠል መካከል እየተንጠባጠበ የሚደርሳቸው ናቸው። ስለዚህ በጥር ወር የብሳናውን ዝቅተኛ ቅርንጫፎች አስቆረጥን፤ ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል። ከግቢው አጥር ጋር ያሉት ባህር ዛፎች ጥላ አላቸው፣ ግን አፈሩን ያደርቁታል፤ እዚያ አንሞክርም።

በዚህ ዓመት ከሠራነው ሁሉ ዋጋ ያለው ምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ ከጽዳት ሠራተኞቻችን ጋር ያደረግነውን ስምምነት እጠቅሳለሁ። ቀድሞ በግቢው የሚጠረገው ቅጠል በየሳምንቱ ዓርብ ይቃጠል ነበር፤ ጭሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይገባ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። አሁን ቅጠሉ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሞላ ወደ ኮረሪማው ይመጣል። ልጆቹ በእጅ ጣት ርዝመት ያህል ውፍረት አድርገው ያነጥፉታል። ከሥሩ ያለው አፈር በታኅሣሥ ደረቅ ወራት እንኳ በእጅ ሲጨበጥ እርጥብ ነው፤ ጠቁሯል፤ ትል በዝቶበታል። ተዳፋቱንም ሥሩና ቅጠሉ ስለያዙት ያለፈው ክረምት ጎርፍ ወደ ሜዳው ያወረደው አፈር ከወትሮው በጣም ያነሰ ነበር። የስፖርት መምህራችን ይህን አይተው አመስግነውናል፤ ከእርሳቸው ምስጋና ማግኘት ቀላል አይደለም። ለበጋው ደግሞ ተማሪዎች እጅ ከሚታጠቡበት ቧንቧ የሚፈሰውን ውኃ በትንሽ ቦይ ስበነዋል።

አሁን ወደ ፍሬው ልምጣ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አረንጓዴ ፍሬዎች በየሥሩ ተደርድረው ተገኙ። ጥቅምት ሲገባ ቀይ መሆን ጀመሩ፤ ቀይ ሲሆኑ ደግሞ ጦጣዎቹ መጡ። የበሰለ ኮረሪማ ቀይ ልጣጩ ሲከፈት ሦስት ክፍል አለው፤ በያንዳንዱ ክፍል የሚያንሸራትቱ ቡናማ ዘሮች ጣፋጭነት ባለው ነጭ ሥጋ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ጦጣ የሚፈልገው ያንን ሥጋ ነው፤ ዘሩን ይተፋዋል። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ተራ ገብተው ጠበቁ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ የደወሉን ሰዓት ከእኛ ይልቅ አጠኑት። ደወል ተደውሎ ግቢው ጸጥ ሲል ከአጥሩ ይወርዳሉ።

በዚህ ጊዜ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። የሰባተኛ ክፍል አባላት «ለጦጣ ከምንተወው አረንጓዴውንም እንልቀመው» አሉ። የስምንተኞቹ «ያልበሰለ ኮረሪማ ምን ይሠራል?» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም፤ ብዙ ገበሬ በየዓመቱ የሚጨነቅበት ነው። አውሬም ሌባም ይቀድመኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ሳይበስል ይለቅማል፤ ጥራቱ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ድምፅ እንዲሰጥ አልፈቀድሁም፤ የፍሬን መብሰል በእጅ ብልጫ መወሰን አይቻልማ። የመደቡ አንድ ወገን ቀድሞ እንዲለቀም፣ ሌላው እየተጠበቀ እስኪቀላ እንዲቆይ ተስማማን። ጦጣዎቹም ድርሻቸውን ወሰዱ።

ሁለቱ ምርቶች በየራሳቸው ሰፌድ ላይ ደረቁ። ማታ ማታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ፀሐይ ማመላለሱ የአምስተኛ ክፍሎች ሥራ ነበር። ከደረቁ በኋላ ሲታዩ ሁለቱም ጠይመው ተጨማደው ስለነበር ሰባተኞቹ «ይኸው፣ ምን ልዩነት አለው?» ማለት ጀመሩ። በወላጆች ቀን ከአንዷ አባላችን ጋር የመጡትን አያቷን አስቀመጥንና የትኛው ሰፌድ የማን እንደሆነ ሳንነግር አቀረብንላቸው። እማማ ከመጀመሪያው ሰፌድ አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩት። ዘሩን መዳፋቸው ላይ በተኑት፤ ሙሉ ነው፣ ጠቆር ያለ ነው፣ ሽታው እኔ እስከቆምሁበት ደረሰ። ከሁለተኛው ሰፌድ ያነሱትን ሲሰብሩት ዘሩ የገረጣና የተኮማተረ ሆኖ ወጣ። አሽትተው መልሰው አስቀመጡት።

«መምህር፣ ይህኛው ተቸኩሎ የተለቀመ ነው» አሉኝ። «ሚዛን ይሞላል። ቅቤ ውስጥ ግን ምን ሊሠራ?»

ሰባተኞቹ ዝም አሉ። ስምንተኞቹ ዝም እንዲሉ ግን ማስጠንቀቅ ነበረብኝ።

ጥሩው ምርት ሲመዘን ሁለት ኪሎ አልሞላም። ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል። ከፊሉ ለመምህራን ክበብ ተሽጦ የውኃ ማጠጫና የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀስ ተገዝቶበታል። ጥቂቱ በዚያው በወላጆች ቀን ከቡናው ጋር ተወቅጦ ተጠጣ። የቀረው አንድ ገመድ ተሰክቶ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ተሰቅሏል፤ እየጎደለ መሆኑን ስለማውቅ የሚያጎድሉት ሰዎች እንዲተዉት በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የተከሉት ልጆች ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ወጥተዋል። ለለቀማው ጠርተናቸው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅዳሜ ቀን የመጡ ነበሩ፤ የየራሳቸውን ተክል ለይተው ለማሳየት ሲከራከሩ አረፈዱ።

ስለ ቅጹም አንድ ነገር ልበል። ክበባት በየሩብ ዓመቱ የሚሞሉት ቅጽ «የተገኘ ውጤት» የሚል ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ዓመት «ተክሎቹ ቅጠል አውጥተዋል» ብለን ጻፍን። በሁለተኛው ዓመት «ተክሎቹ ተጨማሪ ቅጠል አውጥተዋል» አልን። እንዲህ ዓይነት ዘገባ ተመልሶ መምጣቱ አልቀረም፤ ሰላጣ ብንተክል በሁለት ወር ውጤት እንደምናገኝም ምክር ተሰጠን። ሰላጣ ለቅጹ ይመቻል፤ ለዚያ ተዳፋት ግን አይመችም። ከሥር የተተከለ ኮረሪማ ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ሆኖ ካልጀመረ እዚህ ግቢ ውስጥ የእጁን ፍሬ አያይም። ለሚቀጥለው ዓመት የተዘጋጀው ዕቅዳችን በዚህ ምክንያት «የተገኘ ውጤት» በሚለው ዓምድ ላይ የተከለው የክፍል ደረጃና የሚለቅመው የክፍል ደረጃ ተለይተው እንዲጻፉ ይጠይቃል።

በሰኔ መጀመሪያ ሁለቱን የተንሰራፉ ተክሎች ከፋፍለናል። ጓሮው ጥላ ያለው አባል ሁሉ አንድ አንድ ቁራጭ ወስዷል፤ ብድሩም ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ቁራጭ ለትምህርት ቤቱ መመለስ ነው። ስማቸው በመዝገብ ሰፍሯል፤ ወላጆችም ፈርመዋል።

የ2018 ዓ.ም. ምዝገባ በመስከረም የመጀመሪያ የትምህርት ሳምንት ከሰዓት በኋላ በእኔ ዘንድ ይካሄዳል። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ቅድሚያ ያገኛሉ። ቦቲ ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ዶማ ግን ቤት ይቅር።