ሚሚዬ፣ ፈረንሳይኛን በጆሮሽ ጀምሪው

ሚሚዬ፣ እንዴት ከረምሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። የድሬ ሙቀት ብቻ ብሶበታል።

ፈረንሳይኛ ልጀምር ነው ስትይኝ ደስ አለኝ። ምድር ባቡር ስሠራ ደብዳቤውም ቅጹም በፈረንሳይኛ ስለነበር ትንሽ ትንሽ ይዤዋለሁ። ደብተር ከመግዛትሽ በፊት እስቲ እኔን ስሚኝ።

በመጀመሪያ ለመጻፍ አትቸኩዪ። እኛ ፊደል ከለየን ያየነውን እናነባለን። እነሱ ጋ ግን የቃሉ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። "እናገራለሁ"፣ "ትናገራለህ"፣ "ይናገራሉ" ለማለት ግሱ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ሲነገር ግን ሦስቱም "ፓርል" ነው። የተዋጠው ደግሞ አንዳንዴ ብቅ ይላል። "ሌ" ብዙ ቁጥርን ያመለክታል፣ "አሚ" ጓደኛ ነው፤ ሲገጥሙ "ሌዛሚ" ይሆናሉ። ጽሕፈቱ የጥንቱን አነጋገር ይዞ ስለቀረ ነው። በ1635 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ 40 መቀመጫ ያለው አካዳሚ ቋንቋውን ይጠብቃል። ሰዉ ግን መንገድ ላይ "ዠ ነ ሴ ፓ" (አላውቅም) የሚለውን አሳጥሮ "ሼ ፓ" ይልልሻል። አካዳሚው ምን ያድርግ!

ደግሞ አማርኛሽ ይጠቅምሻል። "ዠ፣ ለ፣ ደ፣ መ፣ ተ፣ ሰ" ስትዪ ስድስት የፈረንሳይኛ ቃላት ተናገርሽ ማለት ነው ማለት ይቻላል። የሚያስቸግርሽ አንዱ አናባቢ ነው፦ ከንፈርሽን "ኡ" ልትዪ አሹዪና "ኢ" በዪ። መስታወት ፊት ተለማመጂው፤ ያስቃል ግን ይሠራል።

አንቱታም አላቸው። "ቩ" ለእርስዎም ለእናንተም ያገለግላል። ለማታውቂው ሰው እሱን ተጠቀሚ። ፈረንሳይ ውስጥ ሱቅ ገብቶ "ቦንዡር" ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ ነውር ነው።

ፆታው ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኛ ዕቃን "እሱ" ማለት ይቀናናል፤ ትንሽ ከሆነ ወይም ከወደድነው "እሷ" እንለዋለን። እነሱ ጋ ምርጫ የለም። ጠረጴዛ ሁሌም ሴት ነው፣ "ላ ታብል"፤ መጽሐፍ ሁሌም ወንድ ነው፣ "ለ ሊቭር"። ስለዚህ ስሙን ብቻውን አትሸምድጂ፤ ከነ"ላ"ው ከነ"ለ"ው ያዢው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እስከ 69 ሰላም ነው። 70 ሲደርስ "ስልሳ-አሥር" ይላሉ። 80 "አራት-ሃያዎች" ነው። 97 ደግሞ "አራት-ሃያ-አሥር-ሰባት"፤ ሒሳብ ነው የሚያሠሩሽ። በፈረንሳይ ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አሃዝ እየተጣመረ ስለሚነገር፣ "ሷሳንት" (60) ሲሉሽ ቶሎ 6 ብለሽ አትጻፊ፤ 70ዎቹ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ቤልጂየሞችና ስዊሶች "ሴፕታንት"፣ "ኖናንት" ብለው 70ንና 90ን ተገላግለዋል። በእኔ ፍርድ እነሱ ልክ ናቸው፤ አስተማሪሽ ፊት ግን እንዳትዪው።

በየቀኑ ሩብ ሰዓት ሬዲዮ ስሚ፤ ባይገባሽም ግድ የለም። ከአንድ እስከ መቶ ቁጠሪና ድምፅሽን በቴሌግራም ላኪልኝ፤ አርምልሻለሁ።

አባትሽ